የአየር ንብረት ለውጥ መፍትሔ ላይ ፕረዘንቴሽን ለምታቀርቡ ተማሪዎች፦ ከርዕስ መረጣ እስከ ጥያቄና መልስ

የአየር ንብረት ለውጥ ላይ የሚቀርብ የተማሪ ፕረዘንቴሽን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ትርጉም ይመጣል። ቀጥሎ መንስኤ፣ ከዚያ ጉዳት። በረዶ ይቀልጣል፣ ባሕር ከፍ ይላል፣ የዋልታ ድብ ፎቶ ይታያል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «መፍትሔው ችግኝ መትከልና ግንዛቤ መፍጠር ነው» ይባልና ይጨበጨባል። ክፍሉ ውስጥ ግን ከዚያ በፊት ያላወቀውን ነገር ይዞ የወጣ ሰው የለም።

ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ተማሪዎቻችን ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት አይደሉም። በልግ የቀረበት ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ ከብት የሚጠብቁ፣ ጎርፍ የገባበት ቤት ያላቸው ናቸው። እና መፍትሔውን ከራሳቸው አካባቢ ጀምረው በቁጥር ማሳየት ይችላሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሆነ ነው። አራት ወይም አምስት ተማሪ ያለበት ቡድንና ሩብ ሰዓት ያህል የማቅረቢያ ጊዜ አለ ብለን እንነሳ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሲሆን እናገራለሁ።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን አጥብቡት

«የአየር ንብረት ለውጥ መፍትሔዎች» ርዕስ አይደለም። የትምህርት ዓይነት ነው። ጥሩ ርዕስ ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። «በሰፈራችን እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ ቢቀየር ስንት ማገዶ ይድናል?» ርዕስ ነው። «ከትምህርት ቤታችን በላይ ያለው ገደል ከግጦሽ ነፃ ቢሆን ምን ይበቅልበታል?» ይህም ርዕስ ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ኢትዮጵያ በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥታለች። በዚያ ሰነድ ስሌት መሠረት አገሪቱ በ2010 የለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ተመጣጣኙ (ሌሎቹ ጋዞች በማሞቅ አቅማቸው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀይረው ሲቆጠሩ) ነው። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከግብርናና ከደን ነው። ከፋብሪካና ከመኪና የመጣው ትንሽ ነው። ስለዚህ ጭስ የሚተፋ የፋብሪካ ፎቶ ይዞ የሚቀርብ ቡድን የሌላ አገር ችግር እያወራ ነው። የኛ ዋና ምንጮች ከብት፣ የደን መመንጠር፣ ማገዶና እርሻ ናቸው። ርዕሳችሁን እዚያ አካባቢ ፈልጉ።

ከብትን ብዙ ተማሪ ይዘልለዋል። መዝለል የለበትም። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያገሳል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ያሞቃል። መፍትሔው ከብት ማጥፋት አይደለም። የተሻለ መኖ፣ የተሻለ ጤና፣ በጥቂት ላም ብዙ ወተት ነው። ስትራቴጂው ዶሮ እርባታንም ያበረታታል፤ ዶሮ የምትለቀው በጣም ጥቂት ስለሆነ። የገጠር ልጅ ያለበት ቡድን ይህን ርዕስ ከማንም በላይ አሳምሮ ያቀርበዋል።

የከተማ ልጆች ከሆናችሁ ትራንስፖርት አለ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ የሚያመጣው ጥቅም ኤሌክትሪኩን ከድንጋይ ከሰል ከሚያመነጭ አገር ይበልጣል። ይህን አንድ ነጥብ በደንብ ማስረዳት ብቻ ጥሩ ፕረዘንቴሽን ይወጣዋል።

ደረጃ 2፦ የትኛውን ዓይነት መፍትሔ እንደያዛችሁ ለዩ

መፍትሔ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ልቀትን የሚቀንስ ነው፤ ምድጃ፣ ደን፣ የኤሌክትሪክ መኪና። ሌላው የመጣውን ለውጥ ለመቋቋም የሚያዘጋጅ ነው፤ እርከን፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ድርቅ የሚችል ዘር፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ቡድን ሁለቱን ያደባልቃል። እርከን ሠርተን የዓለምን ሙቀት እንቀንሳለን የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ አስተማሪው ወዲያው ይይዛችኋል።

ከ2020 እስከ 2023 በቦረናና በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። እዚያ ላለ አርብቶ አደር ዛሬ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው ሴፍቲኔትም የዚሁ ወገን ነው፤ ሰው እህል ወይም ገንዘብ እያገኘ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል። የያዛችሁትን ዓይነት በመጀመሪያው ደቂቃ በግልጽ ተናገሩ። ሁለቱንም የሚሠራ መፍትሔ ከያዛችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ደን ካርቦን ይይዛል፣ ምንጭም ያጎለብታል።

ደረጃ 3፦ ሳይንሱን በሁለት ደቂቃ ጨርሱ

ለሳይንሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትስጡ። የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከፀሐይ የመጣውን ሙቀት ምድር ወደ ሕዋ ትመልሳለች። በአየር ውስጥ ያሉት ጋዞች የተወሰነውን ይይዙታል። ጋቢ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ የሰውነትን ሙቀት ይይዛል እንጂ፤ እነዚህ ጋዞችም እንደዚያ ናቸው። እኛ ጋቢውን እያወፈርነው ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ወደ 280 የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። 2024 ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አማካይ ጋር ሲነጻጸር ከ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። በቃ። ከዚህ በላይ ሳይንስ አትጨምሩ።

አንድ ስህተት ግን በየክፍሉ ስለሚደጋገም አጥብቄ ልንገራችሁ። «የኦዞን ሽፋን ስለተሸነቆረ ሙቀት ጨመረ» አትበሉ። የኦዞን መሳሳት ሌላ ችግር ነው። ዓለም በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ይዞት እያገገመ ያለ ነው። ሙቀቱን የጨመረው ከላይ ያልነው ጋዝ ነው። ፕላስቲክ መልቀምም እንዲሁ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ሙቀትን በመቀነስ ረገድ ድርሻው ጥቂት ነው። የጽዳት ዘመቻን የአየር ንብረት መፍትሔ ብላችሁ ዋና ርዕስ አታድርጉት።

ደረጃ 4፦ ውጡና ለኩ

ፕረዘንቴሽናችሁን ከሌላው የሚለየው ይህ ደረጃ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ምድጃውን ምሳሌ አድርጌ እስከ መጨረሻው ልሂድበት።

ሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋገር እንጀራ ብዙ ማገዶ ይበላል፤ እሳቱ በየጎኑ ስለሚያመልጥ። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን አቅፎ ስለሚይዝ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይባላል። «ይባላል»ን ወደ «ለካን» መቀየር የእናንተ ሥራ ነው።

መጀመሪያ በሰፈራችሁ በጉልቻ የሚጋግሩና በምርጥ ምድጃ የሚጋግሩ ቤቶችን ፈልጉ። ሦስት ሦስት ቤት ካገኛችሁ ለክፍል ሥራ ይበቃል። የአንዳችሁ እናት ወይም አክስት ብትኖር ይቀላል። ስትሄዱ በአግባቡ ሂዱ። «እትዬ፣ ለትምህርት ነው፤ የሚጋግሩ ቀን መጥተን እንጨቱን ብንመዝን ይፈቅዱልናል?» በሉ። ፎቶ ለማንሳት ለብቻው አስፈቅዱ። ስማቸውን ስላይድ ላይ አታውጡ፤ «ቤት 1»፣ «ቤት 2» ይበቃል። ባዶ እጃችሁን ብትሄዱም እንጨት በመሸከም አግዙ።

የጋገራ ቀን ሚዛን ይዛችሁ ድረሱ። ከገበያ የምትዋሱት ሚዛን ይሠራል። ከመጀመሩ በፊት የተዘጋጀውን እንጨት መዝኑ። ሲያበቃ የተረፈውን መዝኑ። ልዩነቱ የነደደው ነው። ከዚያ የወጣውን እንጀራ ቁጠሩ። ማገዶውን ለእንጀራው ቁጥር አካፍሉ። ለአንድ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት እንደነደደ ታገኛላችሁ። ፍትሐዊው ማነጻጸሪያ ይህ ነው። አንዷ ሠላሳ ሌላዋ አሥራ አምስት ጋግራ ማገዶውን ብቻ ብታወዳድሩ ውጤቱ ያሳስታል።

እነዚህንም መዝግቡ፦ እንጨቱ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? የባሕር ዛፍ ነው፣ ጭራሮ ነው፣ ኩበት ነው? ምጣዱ እኩል ነው? እንጨቱ ከየት መጣ? ከተገዛ በስንት? ከተለቀመ ማን ለቀመው፣ ስንት ሰዓት ፈጀ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ «ልጅቷ» ነው። እሱን አትዝለሉት።

ሌላ ርዕስ የያዛችሁም መንገዱ ይኸው ነው። የሚለካ ነገር ፈልጉ። ችግኝ ከያዛችሁ ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችሁ የተከለበት ቦታ ሄዳችሁ የጸደቀውን ቁጠሩ። ከተተከሉት ውስጥ ስንቱ በሕይወት አለ? ያልጸደቀው ለምን? ፍየል በላው፣ ውኃ አጣ፣ ጉድጓዱ አነሰ? ይህ መልስ «ችግኝ እንትከል» ከሚል አሥር ስላይድ ይበልጣል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ ዲኤ የምንለው፣ በዚህ ጊዜ ትልቅ ረዳት ነው። የዝናብ መረጃ ካስፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን በትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ጠይቁ።

ሽማግሌዎችንም አናግሩ። ግን የዘመን አቆጣጠሩን ተጠንቀቁ። አባባ «የ77ቱ ድርቅ» ሲሉ በፈረንጆቹ 1984 እና 1985 ማለታቸው ነው። የሚቲዎሮሎጂ ቁጥር ደግሞ በፈረንጆች ነው የሚጻፈው። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ቀላቅሎ የሚያስቀምጥ ቡድን ሁሌም አለ። አንዱን ምረጡና ከስር ጻፉት።

ደረጃ 5፦ ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ሥሩ

ስሌቱን ተሠርቶ ያለቀ ቁጥር አድርጋችሁ አታምጡ። አድማጩ እያየ ሥሩት። እንዲህ ያለ ነገር ለካችሁ እንበል፤ የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ብቻ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡ።

አንድ ቤት በጉልቻ 25 እንጀራ ለመጋገር 8 ኪሎ እንጨት አነደደ። ለአንድ እንጀራ 320 ግራም ነው። በምርጥ ምድጃ 160 ግራም ሆነ። በአንድ ጋገራ 4 ኪሎ ዳነ። በሳምንት ሁለቴ ቢጋገር 8 ኪሎ፣ በዓመት 416 ኪሎ። እንዲህ ያሉ 30 ቤቶች ቢሆኑ 12,480 ኪሎ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ቶን ተኩል ያህል እንጨት በዓመት።

አሁን ወደ ካርቦን። አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድ በግምት 1.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ነው ከእንጨቱ ክብደት የሚበልጠው። 12,480 በ1.7 ሲባዛ 21 ቶን ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነጥብ አለ። የተቆረጠው ዛፍ መልሶ ካደገ ካርቦኑን መልሶ ይወስደዋል። ከጓሮ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ጉቶው እንደገና የሚያበቅልለት ቤትና የተፈጥሮ ደን ውስጥ ገብቶ የሚቆርጥ ቤት እኩል አይደሉም። «21 ቶኑ ከፍተኛው ነው፤ እንጨቱ መልሶ ከሚያድግ ዛፍ ከሆነ ያንሳል» ብላችሁ ተናገሩ። እንጨቱ ከየት እንደመጣ የጠየቃችሁት ለዚህ ነው። ይህን የሚል ተማሪ በጣም ጥቂት ነው። አስተማሪያችሁ ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ የሚያዳምጥ ይመስለዋል።

በሌላ በኩል ኢንተርኔት ላይ «አንድ ዛፍ በዓመት ይህን ያህል ኪሎ ካርቦን ይመጥጣል» የሚል አንድ ቁጥር ይዞራል። አትጠቀሙበት። ዝርያው፣ ዕድሜው፣ አፈሩና ዝናቡ ይለውጡታል። ከቻትጂፒቲ ያገኛችሁትን ቁጥርም ዋናውን ሰነድ ከፍታችሁ ሳታዩ ስላይድ ላይ አታስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ቀድሞ የሠራበትን ቦታ አሳዩ

የራሳችሁ ልኬት ትንሽ ነው። በትልቁ የተሠራበትን ቦታ አንድ ብቻ ጨምሩ። ከአገር ውስጥ ሦስት ልጠቁማችሁ።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ አለ። ተራራው ተራቁቶ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ሕዝብ ወደ 2,700 ሄክታር መሬት ከግጦሽና ከቆረጣ ከለሉ። ዋናው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። ከመሬት በታች በሕይወት የነበረው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ጠንካራውን ቀንበጥ መርጦ ሌላውን መከርከም ነው። ደኑ በዚህ ተመለሰ። የያዘው ካርቦንም ተሽጦ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ላይ ለያዘው መጠን ተከፍሎ፣ ገንዘቡ ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ገባ። መትከል ብቸኛ መንገድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ነውና በጣም እወደዋለሁ።

ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የተባለው መንደር እርከንና ውኃ ማቆር ሠርቶ የከርሰ ምድር ውኃውን መልሷል፤ በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። ከደቡብ ደግሞ የኮንሶ እርከን አለ፤ ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ የምታቀርቡ ከሆነ ከኮንሶ ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ ስላይድ ወይስ ፍሊፕ ቻርት?

ፕሮጀክተር ካለ ስላይዱ ከስምንት አይብለጥ። በአንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ፣ ከኋላ ወንበር የሚነበብ ፊደል። ራሳችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ከማንኛውም የኢንተርኔት ፎቶ ይሻላል። ፍላሹን ቫይረስ እንዳይበላው ፋይሉን ቴሌግራም ላይም አስቀምጡ።

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ዋናዎቹን ሦስት ገጾች በፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር ሥሩ፦ የልኬት ሰንጠረዡን፣ ስሌቱንና የአካባቢውን ካርታ። ፕሮጀክተር የሌለው ትምህርት ቤት ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም 8 ኪሎና 4 ኪሎ እንጨት በሁለት እስር አምጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ስላይድ አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ አነጋገሩን ተለማመዱ

በብዙ ትምህርት ቤት ፕረዘንቴሽኑ በእንግሊዝኛ ነው። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ተማሪው ያልገባውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከስላይድ ላይ ያነባል። የምመክራችሁ ይህን ነው፦ መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለቤተሰብ አስረዱ። እናታችሁ ከገባት ሐሳቡ ጠርቷል ማለት ነው። ከዚያ ያንኑ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ራሳችሁ ጻፉት። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ረጅም ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ ይተናነቃል።

ሥራ ስትከፋፈሉ «አንተ መግቢያ፣ አንቺ መደምደሚያ» አትባባሉ። የለካው ሰው ልኬቱን ያቅርብ፤ ያሰላው ስሌቱን። ሁሉም ሰው ግን ሁሉንም ማወቅ አለበት፤ በዕለቱ አንዱ ሊታመም ይችላል። በስልክ ሰዓት ይዛችሁ ቢያንስ ሁለቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሂዱበት።

ደረጃ 9፦ ለሚመጡት ጥያቄዎች ተዘጋጁ

«የበከሉት ሀብታም አገሮች ናቸው፤ ለምን እኛ?» የሚለው ሳይነሳ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አታጣጥሉት። ከዓለም ልቀት የመላው አፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህም ነው በ2022 ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች ለደረሰ ጉዳትና ኪሳራ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት። የ2027ቱም ጉባኤ አዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል፤ ይህ ጥያቄ እዚያም ይነሳል። ከዚያ ወደ ራሳችሁ ሥራ መልሱት፦ ምድጃው ቢቀየር መጀመሪያ የሚጠቀመው ጭሱን የምትስበው እናትና እንጨት የምትለቅመው ልጅ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ሞቷል ይላል።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሻልም ወይ?» ይሻላል። ከውኃ የመጣ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ልቀቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ግን አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ መስመሩ የማይችልባቸው ሰፈሮች አሉ፣ መብራት ያልገባላቸውም ብዙ ቤቶች አሉ። ምርጥ ምድጃ ለእነሱ ነው በሉ።

«ምድጃው ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም አልገዛውም?» ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። መልሱን ከቤቶቹ ይዛችሁ ኑ። ስትለኩ ዋጋውን፣ የት እንደሚሸጥ፣ ከተሰነጠቀ ማን እንደሚጠግን፣ ለአጫጭር ጭራሮ ይመች እንደሆነ ጠይቁ። ያልለካችሁትን ከተጠየቃችሁ «ይህን አልለካንም» በሉ። ነጥብ አያስቀንስም።

ከቀረበ በኋላ

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። በሚቀጥለው ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ ውጤቱን በአምስት ዓረፍተ ነገር አንብቡት። የልኬት ሰንጠረዡን ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቡድን በሌላ ሰፈር ይለካና ይጨምርበታል። ቤታቸውን የከፈቱላችሁን እናቶች ደግሞ ተመልሳችሁ አግኟቸው፤ የየቤታቸውን ቁጥር፣ ለአንድ እንጀራ ስንት ግራም እንደሄደ፣ በቃል ንገሯቸው። ምድጃ መቀየር የሚፈልጉ ካሉ የት እንደሚገኝና በስንት እንደሚሸጥ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው።